መድኃኒቱን የደበቀ

ሐኪሙ አክስቴን «ከእነዚህ ኪኒኖች ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «ምንም» አለች። ፍጥነቷ ገረመኝ። ቦርሳዋን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ቦርሳው ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ውኃ። ጠዋት ከጀበናው አጠገብ ቆማ ስትቀዳው አይቻታለሁ።

ዐቢይ ጾም ነበር። አክስቴ ስኳር ካለባት ቆይቷል፤ ጾምን ግን አትደራደርበትም። በዚያን ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ በር ላይ ላብ በላብ ሆና ተዝለፈለፈች። ጎረቤት ደርሶ ስኳር በውኃ በጥብጦ አጠጣት። ነፍሷ መለስ ሲል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጾሜን አስገደፋችሁኝ እንዴ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወደ ሕክምና ወሰድናት። ሐኪሙ ካርዷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። የኪኒኑ መጠን ዓመት ሙሉ አልተለወጠም። ታዲያ ስኳሯ እንዲህ ቁልቁል የወረደው ለምንድን ነው? ጾሙን ነገርነው። ጾሙ ብቻውን አላሳመነውም መሰለኝ፣ ያችን ጥያቄ ጠየቀ። መልሷን ሰማችሁ።

ያቺ «ምንም» ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። አክስቴ ውሸታም አይደለችም። የአሥር ብር መልስ ቢተርፍ ሱቅ ድረስ የምትመልስ ሴት ናት።

ሲስተሯ እንዴት እንደጠየቀች

ነገሩን የቀየረችው ግፊት ልትለካ የገባች ሲስተር ናት። ጠና ያለች ናት። የመለኪያውን ጨርቅ የአክስቴ ክንድ ላይ እየጠመጠመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «የእኔ እናት ስኳሯን በአብሽ ካልያዝኩት ትላለች። ልናስጥላት አልቻልንም። እርስዎስ ቤት ምን አለ እማዬ?» አለቻት።

አክስቴ ሳቀች። «አብሽማ የማን ቤት ይጠፋል!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት። አብሹን ማታ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት ውኃውን ደፍታ፣ መትታ፣ አረፋ ሲያወጣ በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች። የሽፈራው ቅጠል ደግሞ አፍልታ ቀኑን ሙሉ ትጎነጨዋለች፤ ጠርሙሱ እሱ ነው። በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ስለማትቀምስ ጠርሙሱን ለማታ ነው የያዘችው። አብሹን ግን «መድኃኒት ነው» ብላ ማለዳ ከኪኒኑ ጋር ትጠጣዋለች። በመጨረሻም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አንዲት ጎረቤት ያመጣችላት ዱቄት አለ። «ለስኳር ነው» ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ። ከምን እንደተሠራ አታውቅም። ጎረቤቷም አታውቅም።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። እውነት ለመናገር የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ አክስቴም እሱኑ ነበር የምትጠብቀው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሐኪም ፊት፣ ስለ ዳማከሴ አንስታ «እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትሠለጥኑት?» ተብላለች። እሱን ቀን አልረሳችውም።

ቤት ስንመለስ «ለምን ምንም አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። መልሷ ሦስት ቦታ የተቀዳ ነው። ቁጣውን ፈርታለች፣ እሱ አንድ። አብሽን ደግሞ መድኃኒት ብላ አትቆጥረውም፤ ለእሷ እህል ነው፣ ወጥ ውስጥም ይገባል። (ጾም ሲሆን ግን መድኃኒት ይሆናል፤ እሱን ስነግራት ሳቋን አፈነች።) ሦስተኛው ነው ያስገረመኝ። «የእሱ ሥራ ኪኒኑ ነው፤ ይኼ የእኛ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ሁለቱ ሕክምናዎች በእሷ ጭንቅላት የተለያየ ቤት ነው የሚኖሩት። አንዱ የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም።

ችግሩ ሆድ ውስጥ ሲገቡ አንድ ቤት መሆኑ ነው። አክስቴ ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ ግሊቤንክላሚድ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» (ስኳርን የሚያወርደውን ቅመም) እያለ ይገፋዋል፤ ሰውዬው ይብላ አይብላ አይጠይቅም። አብሽም ሽፈራውም በየፊናቸው ስኳርን በተወሰነ ደረጃ የማውረድ ጠባይ አላቸው። እነዚህ ሁሉ እህል ባልገባበት ሆድ ላይ ሲደራረቡ ሰው በር ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ሐኪሙም አልሞከረም። ዱቄቱን ጨርሶ አስጣላት። ኪኒኑን ለወጠላት። ሽፈራውን እንደ ጎመን ሠርተሽ ብዪ አላት፤ ኮንሶዎች እንደሚያደርጉት። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን እንድታማክር ነገራት። ለካ የንስሐ አባቷ ቀድመው «መድኃኒት ላይ ነሽ፣ ጠዋት ቅመሺ» ብለዋት ኖሯል። እምቢ ያለችው እሷ ናት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ሰፈር ግን በሽታ አይደበቅም። የአክስቴን የስኳር ቁጥር ቡና ጠጪው ሁሉ ያውቀዋል። የሚደበቀው መድኃኒቱ ነው፤ ያውም ከሐኪሙ ብቻ።

ቅጠልና ኪኒን ዘመዳሞች ናቸው

ይህ መደባበቅ ይበልጥ የሚገርመው ሁለቱ ወገኖች የሥጋ ዝምድና ስላላቸው ነው። አክስቴ ከምትውጣቸው ሌላው ሜትፎርሚን ነው። የዘር ሐረጉ ጋሌጋ ከሚባል፣ አውሮፓ ሜዳ ላይ ከሚበቅል ተክል ይመዘዛል። የስኳር በሽተኞች ኪኒኑ ከመፈጠሩ በፊት ያንን ተክል ይጠጡ ነበር። ተክሉ እንዳለ ግን መርዝ ነው፤ የበሉትን ከብቶች ይገድላል። ሳይንቲስቶች የሠሩት ሥራ ውስጡ ያለውን አሳብ ወስዶ፣ የሚገድለውን ትቶ፣ መጠኑ የሚታወቅ ነገር ማውጣት ነው።

ኮአርተምን የማያውቅ የወባ አገር ሰው የለም። ውስጡ ያለው አርቴሜተር የተገኘው ቻይናዎች ለዘመናት ለትኩሳት ሲጠቀሙበት ከኖረ የአርጤምስያ ዝርያ ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተክሉን አፍልታ ስትሞክረው ውጤቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከዚያ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቅ የሚል አገኘች። ማፍላት የለም! ሙቀቱ ነበር መድኃኒቱን የሚያጠፋው። በዝቅተኛ ሙቀት ብታወጣው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት።

ይህችን ታሪክ የባህል መድኃኒት ወዳጆች በጣም ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሿ ብቻ ነው የምትነገረው። የድሮው መጽሐፍ ትክክል ነበር፣ እውነት ነው። ቡድኑ የፈተሸው ግን ያንን አንዱን ብቻ አልነበረም፤ ብዙ የቆየ ቀመር ሞክሮ አብዛኛውን ጥሏል። የቆየ ሁሉ ልክ አይደለም። የተጣለውን ዝርዝር ግን ማንም ቴሌግራም ላይ አይለጥፈውም።

እኛም ኮሶ አለን። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ይወስዱት ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ትሉን ካልሸኘ አይኖርም። መራራነቱ ዛሬም ስድብ ሆኖ ያገለግላል። ኮሶ ይሠራ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ፋርማሲ ውስጥ ተሽጧል። ዓይን ላይ ጉዳት ማድረሱም እዚሁ አገራችን በሐኪሞች ተጽፏል። መጠኑ ሲያልፍ ያው የሚያሽረው አበባ ያጠፋል። የድሮ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ነበር። ችግሩ አንዱ ዛፍ ከሌላው ዛፍ፣ አንዱ እፍኝ ከሌላው እፍኝ እኩል አለመሆኑ ነው። ኪኒን ይህንን ነው የፈታው፤ ሌላ ምትሃት የለውም።

የቅጠሉን ቦታ መጠየቅ

ሰዎች ይህን ጉዳይ ሲያነሱ «ቅጠሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ አሁን አሁን ሌላ ጥያቄ ነው የሚቀድምብኝ። ቅጠሉ የገባው በምን ቦታ ነው? ከሕክምናው ጎን ተቀመጠ ወይስ ሕክምናውን አስነሥቶ ወንበሩን ያዘ?

አሜሪካ ውስጥ ከካንሰር ሕሙማን ትልቅ መዝገብ ተነሥቶ የተሠራ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው መጽሔቱ ላይ የወጣው። ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው የሆስፒታሉን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር አስተያዩ። የመሞት ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጡት ካንሰር ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ። ይህ የሚጠበቅ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ እነዚያው ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ያስከተሉት ሁለተኛው ጥናት ነው። በዚህኛው ሰዎቹ ሕክምናውን አልተዉም፤ ጎን ለጎን ነው ሌላውን የወሰዱት። እነሱም ከሌሎቹ ይልቅ በእጥፍ ሞቱ። ለምን ሲባል፣ ቅጠሉ መርዝ ሆኖ አይደለም። ከእነሱ መካከል 34 በመቶው ኪሞቴራፒውን «ይቅርብኝ» ብለዋል፤ ከሌሎቹ እንዲህ ያሉት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ቀዶ ጥገናውንና ጨረሩንም እንዲሁ። ይህ እምቢታ ተቀናንሶ ሲሰላ አስተማማኝ ልዩነት አልቀረም። ጎን ለጎን ተብሎ የተጀመረው ነገር ቀስ እያለ ወንበሩን እየገፋ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የእንጦጦ ጠበል ነው ትዝ ያለኝ። ኤችአይቪ እንደ እሳት በሚፈጅበት ዘመን ስንቱ እዚያ ተራራ ላይ የሸራ ቤት ተከራይቶ ከረመ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አንዳንድ አጥማቂዎች «ሁለት ጌታ አይሆንም፣ ምረጥ» ይሉ ነበር። ኪኒኑን ጥለው የወጡ አሉ። ያንን የቀየረው የጤና ባለሙያ ንግግር ብቻ አልነበረም። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብራችሁ ውሰዱ አሉ። አንድ ሐኪም ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ ቢለው እንዲያ አይሰማም ነበር። ምእመኑ ጠበሉን ጣል አልተባለም። እምነቱ በቦታው ቀረ፣ ኪኒኑም በቦታው ቀረ። ሲስተሯ አክስቴ ላይ ያደረገችው የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ወጌሻ

ወጌሻ ላይ ስመጣ ስሜቴ ይቀላቀላል። ወለም ያለ እግር ይዤ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩባቸው ሰዎች አሉ፤ ጣታቸው የሚያየውን ራጅ አያየውም ብል ግነት አይመስለኝም። ቅርብ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ተራ አያስይዙም፣ ሰላም ብለው ይቀበላሉ። ሕዝቡ ወደ እነሱ የሚሄደው ስለማያውቅ አይደለም።

ግን የሸምበቆውን ነገር እወቁት። የተሰበረ እጅ በሸምበቆ ግጥም ተደርጎ ሲታሰር መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ማታ እጁ ማበጥ ይጀምራል። ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫንና ደም ሥሩን ያንቀዋል። ልጁ ያለቅሳል፤ «አጥንት ሲገጥም ያማል» ይባላል። ከዚያ ማልቀሱን ያቆማል፤ «ተሻለው» ይባላል። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ሲጠቁሩ ነው ሆስፒታል የሚመጣው፤ ያኔ ሲያልቅ አያምር ነው፣ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በዚህ ተማርሮ ወጌሾችን ይከልከሉልኝ አላለም። ሰብስቦ አሠለጠናቸው። አጭር ሥልጠና ነው፤ አትጥበቁ፣ ጣት እዩ፣ ቆዳው የተቀደደውን ላኩልን። ከዚያ በኋላ ለመቆረጥ የሚመጣው ሰው በግልጽ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፍ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ታትሟል። እኔ እስከማውቀው ከዚህ ርካሽ ሕክምና የለም።

ሁሉንም ግን እንዲህ በማሠልጠን አታስተካክለውም። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ቢሠለጥኑበትም ያው ጉዳት ነው፤ መቆም ብቻ ነው ያለባቸው። «ባህላችን ነው» የሚለው ቃል ዳማከሴውንም ምላጩንም አንድ ከረጢት ውስጥ ሲከት በጣም ነው የሚያናድደኝ።

«ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ

የውጭውን በአጭሩ ልለፈው። ሆሚዮፓቲ ጀርመናዊው ሃነማን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጀመረው ነው፤ መድኃኒቱ ደጋግሞ ከመቅጠኑ የተነሣ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው። አውስትራሊያ መረጃውን ሁሉ አገላብጣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለየትኛውም በሽታ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘሁም ብላለች። ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚሰካበት አኩፓንክቸር ትንሽ ይሻላል፤ ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም ለአንዳንዱ ሰው ፋታ ይሰጣል። የቻይና ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ አገራችን ስለሚመላለስ መርፌው ለኛ እንግዳ አይደለም።

የሚያስፈራኝ ያ በላስቲክ የተጠቀለለው ዱቄት ነው። አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣል፤ ከዱባይም ከአሜሪካም በሻንጣ ይገባል። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለወንዶች ኃይል በሚሸጡ «ቅጠላ ቅጠል» ኪኒኖች ውስጥ የቪያግራውን ንጥረ ነገር ደጋግሞ አግኝቷል። ቻይና ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ለስኳር ተብሎ የተሸጠ የባህል መድኃኒት ሰው ገደለ። ሲመረመር ውስጡ በድብቅ ግሊቤንክላሚድ ተጨምሮበት ተገኘ፤ ያውም ከሚገባው በብዙ እጥፍ። የአክስቴ ኪኒን ማለት ነው። የጎረቤቷ ዱቄት ውስጥ ምን እንደነበር ማንም አልመረመረውም፤ ተደፍቷል።

የአዋቂው ምስጢር

በሽተኛው ከሐኪሙ ይደብቃል አልኩ። አዋቂውም ይደብቃል። ቅጠሉ ለታላቅ ልጅ ብቻ ይነገራል፤ ከተወራ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ድሮ ይህን አጉል እምነት ብዬ አልፈው ነበር። አሁን የገበያ ዕውቀትም ይመስለኛል። የእንዶድን ታሪክ ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዕድሜ ልኩን ሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን እንዶድ የአሜሪካን የውኃ ቱቦ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እንደሚገድል ታየና አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት አወጣበት። የአድዋ አጣቢዎች ስም ከዚያ ወረቀት ላይ የለም። ከዚያ በኋላ እኛም የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አውጥተናል። ገጠር ያለ አዋቂ ግን አዋጁን ተማምኖ ቅጠሉን አይገልጥም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልገልጥም።

ሐኪሙ ደግሞ ምስጢሩን ማወቅ የግድ አይደለም። መቼ እንደተጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ከኪኒኑ ጋር ነው ወይስ ተራርቆ፣ ኪኒኑ ቀርቶበት እንደሆነ ከሰማ ብዙውን ሥራ መሥራት ይችላል። ቅጠሉን በላስቲክ ይዞ መሄድም ያባት ነው። በየካርዱ ላይ «አለርጂ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ «ቤት የሚጠጣ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የሚፈጀው ቀለም ብቻ ነው። መስመሩ ቢኖርም ታዲያ ሲስተሯ እንዳደረገችው ካልተጠየቀ «ምንም» ተብሎ ይሞላል።